ግርማ የተጻፈበት ማልያ

ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እሑድ ምሽት፣ ደብረ ታቦር። ፉልሃም ከማንቸስተር ዩናይትድ ጋር የሚያደርገውን ጨዋታ ለማየት ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት ዲኤስቲቪ ቤቱ ጢም ብሏል። የጥር ብርድ ከጉና ተራራ ወርዶ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ሰዉ ጋቢውን ተከናንቦ፣ አግዳሚው ላይ ተጠጋግቶ ተቀምጧል። ከፊቴ ያለው ወጣት ስልኩን ለጓደኞቹ አዞረ። ቼልሲ ናኦሚ ግርማን ማስፈረሙን የሚያበስር ፎቶ ነው። የተከፈለው 1.1 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ በሴቶች እግር ኳስ ሚሊዮን ዶላር የወጣባት የመጀመሪያዋ ተጫዋች እሷ ናት።

«የኛ ልጅ ናት» አለ አንዱ። «ምኑን የኛ ሆነች? የምትጫወተው ለአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን ነው» አለ ሌላው። ጥግ ላይ የነበሩ አንድ አባት ግርማ የማን ስም እንደሆነ ጠየቁ። የአባቷ ነው ተባሉ። «እንግዲያው የአባቷን ስም ጀርባዋ ላይ ተሸክማ ነዋ የምትሮጠው» አሉና ዝም አሉ።

ጨዋታው ሲጀመር ክርክሩ ቆመ። እኔ ግን ቤቴ ገብቼም አልተወኝም። የኛ የምንላቸው እነማን ናቸው? አውሮፓ ውስጥ በ2024/25 የውድድር ዘመን ምን ሠሩ? ከዚህ ከኛ አፈር ተነሥቶ እዚያ የደረሰስ ማን ነው? የሚከተለው ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ፍለጋ ነው። «ዓ.ም.» ያልተጻፈባቸውን ዓመቶች ዓለም በሚጠራቸው በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

ከናኦሚ ልጀምር፤ የዘመኑ ትልቁ ወሬ እሷ ነበረችና። በ2000 በካሊፎርኒያ ግዛት ሳን ሆዜ ከተማ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወለደች። ኳስ የጀመረችው ማለዳ በሚባል ክለብ ነው። ማለዳ ውድ አካዳሚ አይደለም። በከተማዋ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች፣ የናኦሚ አባትም ያሉበት፣ ቅዳሜና እሑድ ልጆቻቸውን ሜዳ ላይ እያሰባሰቡ ያቋቋሙት ነው። ልጆቹ ይጫወታሉ፤ ወላጆቹ ይጨዋወታሉ፤ ምግብ አብረው ይበላሉ። ልጆቹ እንዲተዋወቁና ቋንቋውን እንዲሰሙ ታስቦ የተጀመረ ነገር በዓለም ምርጥ ከሚባሉት የመሐል ተከላካዮች አንዷን አስገኘ።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ የአሜሪካ መንገድ ነው። ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ2019 የአገሪቱን የዩኒቨርሲቲዎች ዋንጫ በላች። በ2022ቱ የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ (ድራፍት) አንደኛ ሆና ሳን ዲዬጎ ዌቭ ገባች፤ በዚያው ዓመት የሊጉ ምርጥ አዲስ ተጫዋችና ምርጥ ተከላካይ ተባለች። በ2023 የአሜሪካ የዓመቱ ምርጥ ሴት ተጫዋች ሆነች፤ ያን ክብር አንድ ተከላካይ ሲያገኝ የመጀመሪያው ነበር። በ2024 ፓሪስ ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ አጠለቀች። ቼልሲ ያን ሁሉ ገንዘብ ያወጣው ይህን አይቶ ነው።

የቼልሲዋን የመጀመሪያ ግማሽ ዘመን በቁጥር ብቻ የሚመዝን ሰው ቅር ሊለው ይችላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈችው የካቲት 23፣ በፈረንጆቹ ማርች 2፣ ከብራይተን ጋር ሲጫወቱ ነው፤ ጨዋታውንም ሳትጨርስ ተጎድታ ወጣች። ባቷ ነበር። ተመልሳ ስትገባ ዘመኑ እየተገባደደ ነው። ቡድኗ ሊጉን ሳይሸነፍ ጨረሰ፣ የሊግ ካፑንና ኤፍኤ ካፑን ጨምሮ በእንግሊዝ ያለውን ዋንጫ ሁሉ ሰበሰበ። በሻምፒዮንስ ሊጉ ግን በግማሽ ፍጻሜው ባርሴሎና በሁለቱም ጨዋታ 4 ለ 1 አሸነፋቸው። እንደኔ ግምት ያ ግማሽ ዘመን የመላመጃ ጊዜ ነው፤ መሐል ተከላካይ ከአጠገቧ ካሉት ጋር ለመግባባት ጊዜ ትፈልጋለች። ከጨዋታዋ የሚታየው ዋና ነገር ኳስ አነጣጠቋ ነው። ተንሸራትታ መሬት ላይ አትወድቅም። አጥቂዋ ኳሱን ከመንካቷ በፊት ቦታው ላይ ደርሳ ቆማለች፤ ኳሱን ቀምታም አትጠልዘውም፣ ቀና ብላ አይታ ለአማካይ ታቀብላለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማንሣት አለብኝ። እኛ ዘንድ ስለ አውሮፓ ሲወራ ቶሎ የሚመጣው ሰበብ ቁመና ነው። «ልጆቻችን አጫጭር ናቸው፣ ይገፏቸዋል» ይባላል። ናኦሚ ቁመቷ 1 ሜትር ከ68 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ታቦር ገበያ ብትገባ ረጅም የሚላት የለም። የምትጫወተው ደግሞ ቁመት በሚጠየቅበት ቦታ ነው። ስለዚህ የቁመቱን ሰበብ ወደ ጎን ብናደርገው ይሻላል።

በዚያው ዘመን በወንዶቹ በኩል ከሁሉ በላይ ያበራው ዴቪ ዜልከ ነው። አባቱ ኢትዮጵያዊ፣ እናቱ ከቼክ፣ የተወለደው ጀርመን። በ2014 ጀርመን ከ19 ዓመት በታች የአውሮፓ ዋንጫን ስትወስድ የውድድሩ ኮከብ ግብ አግቢ እሱ ነበር። ቀጥሎ ያለው ሕይወቱ መውጣትና መውረድ የበዛበት ነው፤ ብሬመን፣ ላይፕዚግ፣ ሄርታ በርሊን፣ ኮሎኝ። በሚሊዮኖች የሚቆጠር ተስፋ ተጥሎበት፣ ተስፋው እየሟሸሸ ሄደ። ሃምቡርግ በ2024 ሲወስደው ብዙ ሰው ጉዞው ያበቃ መስሎት ነበር። በ2024/25 በሁለተኛው ቡንደስሊጋ 22 ግብ አግብቶ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ፤ ሃምቡርግም 7 ዓመት ርቆ ወደቆየበት ቡንደስሊጋ ተመለሰ። ሠላሳ ዓመት ጫፍ ላይ የደረሰ አጥቂ እንዲህ ሲነሣ ማየት ያስደስታል። ዘመኑ ሲያልቅ ወደ ቱርኩ ባሻክሼሂር ሄዷል።

ከእሱ በፊት ብሬመን ላይ ስማችንን ያስጠራው ቴዎዶር ገብረ ሥላሴ ነበር። አባቱ ከኢትዮጵያ ሄደው ቼክ የኖሩ ሐኪም ናቸው። ከስሎቫን ሊቤሬትስ ጋር የቼክን ሊግ በላ፣ በ2012 በአውሮፓ ዋንጫ ተጫወተ፣ ከዚያ ለቬርደር ብሬመን 9 ዓመት ቀኝ መስመሩን ዘጋ። ለ9 ዓመት አንድ የቡንደስሊጋ ክለብ ውስጥ በቋሚነት መቆየት ቀላል ነገር አይደለም። ዲኤስቲቪ ቤት ግን ስለ እሱ ሲወራ እምብዛም አልሰማሁም። ተከላካይ ስለሆነ ይሆናል።

ከጎንደርና ከአካባቢው ተነሥተው እስራኤል ከገቡት ቤተ እስራኤላውያን ቤተሰቦችም ተጫዋቾች ወጥተዋል። ባሩክ ዴጎ በ2004 ከማካቢ ቴል አቪቭ ጋር በሻምፒዮንስ ሊግ አያክስ ላይ 2 ግብ አስቆጥሯል። ወላጆቹ ከኢትዮጵያ የሄዱት ኤሊ ዳሳ በሆላንዱ ቪቴስ ተጫውቶ ዲናሞ ሞስኮ ገባ፤ የእስራኤል ብሔራዊ ቡድንም አምበል ሆነ። አዲስ አበባ የተወለደው ጋዲ ኪንዳ ግን በዚህ በዳሰስነው ዘመን፣ መጋቢት ላይ፣ ገና በወጣትነቱ በሕመም አረፈ። ነፍሱን ይማር። ኢትዮጵያ ተወልዶ ጀርመን ያደገው መልካሙ ፍራውንዶርፍም አለ፤ በ2022 ለሊቨርፑል ዋና ቡድን ተሰልፎ፣ በኋላ ወደ ሃኖቨር 96 ሄደ።

እንግዲህ እስካሁን የጠራኋቸውን ሁሉ አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። ደማቸው ከኛ ነው፤ ከ10 ዓመታቸው እስከ 18 ዓመታቸው ያደጉበት ሜዳ ግን ሌላ አገር ነው። ይህ ለኔ የዳሰሳው ዋና ግኝት ነው። ደሙና ቁመናው አንድ ሆኖ ልጁ ያደገበት ሜዳ ሲለወጥ ውጤቱ ከተለወጠ፣ ጉድለቱን መፈለግ ያለብን እዚያው ሜዳው ላይ ነው።

እዚህ አድገው አውሮፓ የረገጡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሳላዲን ሰይድ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ወደ ግብጹ ዋዲ ደግላ ሄዶ፣ ከዚያ በውሰት ለቤልጅጉ ሊርስ ተጫወተ። በሩ የተከፈተው የሁለቱ ክለቦች ባለቤት አንድ ሰው ስለነበሩ ነው። ፍቅሩ ተፈራ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ስሙን ገንብቶ ለቼኩ ምላዳ ቦለስላቭ ተሰለፈ፤ በኋላ እስያ ድረስ ዘልቆ፣ በ2014 በተጀመረው የሕንድ ሱፐር ሊግ ታሪክ የመጀመሪያዋን ግብ ያገባው እሱ ነው። ጋቶች ፓኖም በ2017 ከኢትዮጵያ ቡና በቀጥታ ወደ ሩሲያው አንዚ ማካችካላ ተዛወረ። ያን ጊዜ የነበረውን ደስታ አስታውሳለሁ፤ ከጋምቤላ ተነሥቶ በቀጥታ የሩሲያ ፕሪሚየር ሊግ! ግን ብዙም ሳይሰለፍ ተመለሰ። ጉልበትም ችሎታም የነበረው ልጅ ነው። ቋንቋውን የማያውቅ፣ በየሳምንቱ በዚያ ፍጥነት መጫወት ያልለመደ ሰው በ22 ዓመቱ አንድ ጊዜ ዘሎ እዚያ ሲገባ፣ ማንም ቢሆን ይቸገራል።

ግብጽና ደቡብ አፍሪካ እንደ መካከለኛ ደረጃ አገልግለውናል። ሽመልስ በቀለ ግብጽ ውስጥ በፔትሮጀት፣ በመቃሳ፣ በኤል ጎውና ለዓመታት ተጫውቷል። በውጭ ሊግ ሳይቋረጥ መቆየትን ያሳየን እሱ ነው፤ ለብሔራዊ ቡድኑ ያመጣውም ይህንኑ ነው። ጌታነህ ከበደ ከደደቢት ወደ ቢድቬስት ዊትስ ሄደ። በ2020/21 በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ 29 ግብ ያገባው አቡበከር ናስር ደግሞ በ2022 ወደ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሲሻገር ቀጣዩ ደረጃ አውሮፓ ነው ብለን ነበር። ጉዳት ደጋግሞ ያዘው። እኛ ዘንድ ባቱን ወይም ጉልበቱን የታመመ ተጫዋች ዋንዛዬ ፍል ውሃ ወርዶ ይታጠባል። ፍል ውሃው እንደሚያሳርፍ እኔም አውቃለሁ፤ ነገር ግን ጅማቱ የተበጠሰን ልጅ በ14 ዓመቱ መርምሮ «ስድስት ወር አትሩጥ» የሚለው ሰው ካላገኘ፣ ያ ጉዳት በ22 ዓመቱ ተመልሶ ይመጣል።

ከዚህ ካደጉት ሁሉ አውሮፓ ላይ እንደ ሎዛ አበራ ያማረበት የለም። ከዱራሜ ተነሥታ በ2019/20 ወደ ማልታው ቢርኪርካራ ሄደች። 30 ግብ አግብታ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነች፤ ክለቧም ሻምፒዮን ሆነ። ማልታ ትንሽ ሊግ ነው የሚል አለ። እውነት ነው፤ ግን በአንድ ዘመን 30 ግብ በየትኛውም ሊግ 30 ግብ ነው። ተመልሳ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ተጫወተች፤ በ2024 ደግሞ ዲሲ ፓወር ወሰዳት። ናኦሚ ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ በሄደችበት የውድድር ዘመን፣ ሎዛ እዚያው አሜሪካ ነበረች። የሁለቱም መነሻ አንድ አገር ነው፤ አንዷ በአባቷ በኩል፣ ሌላዋ በራሷ። የሴቶቹ መንገድ ከወንዶቹ ቀድሞ ሊከፈት ይችላል ብዬ የማምነው ለዚህ ነው። የሴቶቹ ሊጎች ገና እያደጉ ናቸው፤ መልማዮቻቸውም ያልታዩ ቦታዎችን ለማየት ይፈልጋሉ።

አሜሪካውያኑን ለማነጻጸሪያ ላንሣ። በዚሁ ዘመን ክሪስቲያን ፑሊሲች ለኤሲ ሚላን በሴሪ አ 11 ግብ አገባ። ያን ምሽት ስናየው የነበረው የፉልሃም ግራ ተከላካይ አንቶኒ ሮቢንሰን በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ 10 ለግብ የሆኑ ኳሶችን አቀበለ። ፑሊሲች ያደገው ፔንሲልቬኒያ ቢሆንም በ16 ዓመቱ ዶርትሙንድ ደርሷል፤ አያቱ ክሮኤሺያዊ ስለነበሩ የአውሮፓ ፓስፖርት ማውጣት ችሏል። ሮቢንሰን ደግሞ የተወለደውም ያደገውም እንግሊዝ ነው። አሜሪካ አባቱ ዜጋ ስለነበሩ ብላ ጠርታ ማልያዋን አለበሰችው። ሌሎቹ የአሜሪካ ተጫዋቾች፣ ባሎጉን ለንደን፣ ዴስት ሆላንድ አድገዋል። ያ ሁሉ ሀብት ያላት አገር እንኳ ሌላ ሜዳ ያሳደጋቸውን የራሷን ልጆች ከመሰብሰብ አላፈረችም።

እኛስ? በ2013 ደቡብ አፍሪካ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ስዊድን ያደገው ዩሱፍ ሳላህና ሚኒሶታ ያደገው ፉአድ ኢብራሂም ዋልያዎቹ ውስጥ ነበሩ። ቀጥሎ ዋሊድ አታ መጣ፤ እሱ በስዊድን ሁለት ክለቦች ሻምፒዮን የሆነ ተከላካይ ነው። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ቀጥኗል። ፊፋ ተጫዋቹ የአገሩን ዜግነት እንዲይዝ ይጠይቃል፤ የኛ የዜግነት አዋጅ ደግሞ የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ኢትዮጵያዊነቱን እንደለቀቀ ይቆጥረዋል። ሕዝቡ ቢጫ ካርድ የሚለው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ቤት ያሠራል፣ ንግድ ያስነግዳል፤ ማልያ ግን አያስለብስም። ሕጉ የወጣበት የራሱ ምክንያት እንዳለው አውቃለሁ። በስፖርት በኩል ግን እንደገና ቢታይ ደስ ይለኛል፤ ሃምቡርግ ላይ 22 ግብ የሚያገባ ሰው በየዘመኑ አይወለድም።

ነገር ግን ከውጭ መሰብሰብ የራስን ሜዳ አይተካም። ኅዳር 2012 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ ኮትዲቯርን 2 ለ 1 ያሸነፍን ዕለት ከደብረ ታቦር በሌሊት ተነሥቶ 100 ኪሎ ሜትር የሄደ ብዙ ሰው ነበር። አውሮፓ ውስጥ በሚጫወቱ ልጆች የተሞላ ቡድን ነው ያሸነፍነው፤ ያገቡልንም ሱራፌል ዳኛቸውና ሽመልስ በቀለ ናቸው። ሱራፌል ያኔ የጎንደሩ ፋሲል ከነማ ተጫዋች ነበር፤ በ2024 ወደ አሜሪካው ላውደን ዩናይትድ ሄዷል። ከ2021 ጀምሮ ግን ስታዲየሞቻችን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መስፈርት ስላላሟሉ ብሔራዊ ቡድኑ ለዓመታት የሜዳውን ጨዋታ ያደረገው በሰው አገር ነው። ግብጽን 2 ለ 0 ያሸነፍነው ማላዊ ላይ ነው። አንድ የ11 ዓመት የፋርጣ ወረዳ ልጅ ያን ጨዋታ በስክሪን እንጂ በዐይኑ አላየውም።

ወደ አውሮፓ የሚወስደውን መንገድ የሚያጠቡ ሕጎችም አሉ። ፊፋ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ከአገር አገር እንዲዛወር አይፈቅድም። እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች ወዲህ የውጭ ተጫዋች የሥራ ፈቃድ የሚያገኘው በነጥብ ነው፤ ነጥቡ የሚሰበሰበው በብሔራዊ ቡድኑ ደረጃና በሊጉ ጥራት ስለሆነ ከኢትዮጵያ ሊግ ቀጥታ እንግሊዝ መግባት በጣም ከባድ ነው። ቤልጅግ፣ ስካንዲኔቪያ፣ ምሥራቅ አውሮፓ በሩ ሰፋ ይላል። ለዚያም ልጁ 18 ሲሞላው ዝግጁ መሆን አለበት፤ 18 የሞላው መሆኑም በወረቀት መታወቅ አለበት።

ወረቀቱ ያልኩትን ላብራራ፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ስላለ። በፊፋ ደንብ አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ ከአገር አገር ሲዛወር ከዋጋው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ያሉት አራት ዓመታት ድርሻ ተደምሮ 1 በመቶ ነው። ልጁ በ1 ሚሊዮን ዶላር ቢሸጥ እነዚያን አራት ዓመታት ለያዘው ክለብ 10,000 ዶላር ይደርሰዋል ማለት ነው። ለለንደን ክለብ ምንም አይደለም። ለአንድ የደቡብ ጎንደር ከተማ ክለብ ግን የዓመታት ኳስ፣ ጫማና የሜዳ ጥገና ነው። ያን ለመጠየቅ ክለቡ በፌዴሬሽን የተመዘገበ መሆን አለበት፤ ልጁ መቼ እንደተወለደ፣ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር እዚያ እንደሠለጠነ የሚያሳይ መዝገብም ያስፈልጋል። እኛ ዘንድ ልጆችን የሚይዙት ፕሮጀክት የሚባሉት ስብስቦች ናቸው። አንድ መምህር ወይም የቀድሞ ተጫዋች በራሱ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ያለ ደመወዝ ያሠለጥናል። መዝገብ ያለው ጥቂቱ ነው። ልጁ አድጎ ሲታይ ዕድሜው ላይ ክርክር ይነሣል፤ የተቆረጠ ዕድሜ ነው ይባላል፤ እውነተኛውም ከሐሰተኛው ጋር ይጣላል።

ጥቅምት 2018 ዓ.ም. ላይ ከእንዲህ ዓይነት አሠልጣኝ ጋር ግማሽ ቀን አሳለፍኩ። መምህር ነው። ሜዳው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ ኳሱ በሄደ ቁጥር ልጆቹ ቁልቁል ይሮጣሉ። ከ30 የሚበልጡ ናቸው፤ 6 ሴቶች አሉበት። አንዷ በኮንጎ ጫማ ትጫወታለች። መሐል ተከላካይ ናት። ኳሱ ሲመጣባት እንደሌሎቹ አትጠልዘውም፤ በውስጥ እግሯ ታበርደውና ቀና ብላ ታያለች። አሠልጣኙን ማን እንዳስተማራት ጠየቅሁት። «እኔ አይደለሁም» አለ።

ከልምምድ በኋላ ቤቷ ድረስ አብረን ሄድን፤ የልደቷን ቀን ሊመዘግብ ነው። እናቷ ድንች እየላጡ ነበር፤ ተነሥተው መቀመጫ አቀረቡልን። መቼ እንደተወለደች ሲጠይቃቸው «የደብረ ታቦር በዓል ማግስት ነው፤ ሙልሙሉ ገና አላለቀም ነበር» አሉ። ዓመተ ምሕረቱን ግን እርግጠኛ አልነበሩም። ታላቅ እህቷ አንደኛ ክፍል የገባችበት ዓመት ክረምት እንደሆነ አስታወሱ። እህቲቱ ተጠራች፤ የትምህርት ቤት ካርዷን ከሣጥን አውጥታ አመጣች። አሠልጣኙ በጣቱ ቆጠረ፣ ደግሞ ቆጠረ፣ እናትየዋን መልሶ ጠየቀ። ከዚያ ጉልበቱ ላይ ደብተሩን ዘርግቶ፣ መስመሩን በማስመሪያ አስምሮ፣ ከስሟ ትይዩ ነሐሴ 14 ቀን 2005 ዓ.ም. ብሎ ጻፈ። ገጹንም በስልኩ ፎቶ አነሣው።